ማኪያቶው ከተጠጣ በኋላ ያለው ሰዓት

ደብዳቤው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። አሳጥረነዋል፤ ጸሐፊዋ የምትታወቅበትንም ሁሉ አውጥተናል።

«ዕድሜዬ 33 ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ያደግሁት ጾምና ስግደት በማይጓደልበት ቤት ነው። አንድ ዓርብ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ሰው ያመጣልኝን ማኪያቶ ሳላስብ ግማሹን ጠጣሁት። ዓርብ መሆኑ ትዝ ሲለኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ምን ፊት ይዤ? ማታ ማታ በመቁጠሪያ 41 ጊዜ እግዚኦ እላለሁ፤ ሐሳቤ ከሸሸ ወይም አንዷን ፍሬ የዘለልኩ ከመሰለኝ ከአንድ እጀምራለሁ፤ አንዳንዴ ስድስት ሰዓት ሌሊት ያልፋል። ኃጢአቴን የምጽፍበት ደብተር አለኝ፤ ይሄኛው ሦስተኛው ነው። ለጨጓራዬ የታዘዘልኝን መድኃኒት ከምግብ ጋር ውሰጂ ተብያለሁ፤ የነፍስ አባቴም ‹ብዪ› ብለውኛል፤ እኔ ግን ሌሎች ሁለት ካህናት ጠይቄ አሁንም አልበላም። በበዓለ ሃምሳ እንኳ ረቡዕን በስውር እጾማለሁ፤ ካልጾምኩ አንድ ነገር የሚደርስብን ይመስለኛል። ከሠርጌ ጀምሮ ሥጋ ወደሙ አልተቀበልኩም። የሥራ ባልደረባዬ ‹እንዲሁ ይወድሻል፤ ሕጉን ሁሉ ተይው› ትለኛለች። እግዚአብሔር ፍቅር መሆኑን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ልቤ ግን አይቀበለውም። በቀደም የስድስት ዓመት ልጄ ብርጭቆ ሰበረና ቀና ብሎ አይቶኝ ‹እማዬ፣ እግዜር ተቆጣ?› አለኝ። ሕጉን ልተወው? ወይስ እንዲሁ እንደተጨነቅሁ ልኑር?»

እህታችን፣ የመጨረሻው ጥያቄሽ መልሱ አጭር ስለሆነ ከእሱ እንነሣ። ሕጉን አትተዪው። እስካሁን እንደያዝሽው ግን አትያዢው።

ከደብዳቤሽ ዓይናችንን የያዘው ማኪያቶው አይደለም፤ እሱ ግማሽ ስኒ ነው። ሦስቱ ሳምንት ነው። ረስታ ጾም ያፈረሰችን ሴት ሃያ አንድ ቀን ከደጄ ትራቅ የሚል ቀኖና ማን ሰጠሽ? የነፍስ አባትሽ አልሰጡሽም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልሰጠችሽም። ራስሽ ፈረድሽ፣ ራስሽ አሰርሽ። ምክንያቱም በልብሽ ያለው እግዚአብሔር አበዳሪ ነው። ባለዕዳ የአበዳሪውን ሰፈር ዞሮ ያልፋል እንጂ በደጁ አያልፍም። ጾምሽ ክፍያ ከሆነ አንድ ቀን ሲጎድል መደበቅ ግድ ይላል፤ በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ ሆነሽ «ይወደኛል» የሚለውን ሺህ ጊዜ ብትደግሚው አይገባም። ለዚህ ነው ቃሉን እያወቅሽ ልብሽ የማይቀበለው። ስለዚህ መሥራት ያለብን ሕጉ ላይ ሳይሆን ሕጉን ከሳትሽ በኋላ ባለው ሰዓት ላይ ነው። በእግዚአብሔር መታመን የሚለመደው እዚያ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ጾሙ በተሳካበት ቀን ማንም ይታመናል።

ቅደም ተከተሉን ከራሱ ከሕጉ ተመልከቺ። በዘጸአት 20 ዐሥርቱ ትእዛዛት የሚጀምሩት «አታድርግ» በሚል ቃል አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣው ከባርነት ቤት ያወጣሁህ አምላክህ ነኝ የሚለው ነው። ባሕሩ ቀድሞ ተከፍሏል፤ ሕጉ የተሰጠው ነፃ ለወጡ ሰዎች ነው። ሕጉን ጠብቀው ከግብፅ የወጡ አይደሉም። አንቺ ይህንን ገልብጠሽ ነው የያዝሽው።

አሁን ለሦስት ማታ የሚሆን ንባብ እንስጥሽ፤ ሉቃስ ምዕራፍ 15 ነው። የታወቀ ምዕራፍ ስለሆነ ሰው ሳያየው ያልፈዋል፤ ስለዚህ ከፋፍለሽ አንብቢው። በመጀመሪያው ማታ ከቁጥር 11 እስከ 19 ብቻ። ታናሹ ልጅ በአሳማዎቹ መካከል ሆኖ ንግግር ያዘጋጃል፤ የንግግሩ መጨረሻ «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚል ነው። ደመወዝተኛ ልሁን እያለ ነው፤ ያንቺ ደብተር ማለት ይህ ንግግር ነው። በሁለተኛው ማታ ከ20 እስከ 24። አባቱ ገና ሩቅ ሳለ አየው፤ ሮጠ። በእኛም አገር ነጠላውን ያጣፋ ሽማግሌ በሰው ፊት አይሮጥም። ልጁ ንግግሩን ጀመረ፤ «ልጅህ ልባል አይገባኝም» እስከሚለው ደረሰ፤ ስለ ሞያተኛው ያዘጋጀውን ዓረፍተ ነገር ግን ሳይናገር አባቱ ወደ አገልጋዮቹ ዞረ፦ ልብስ፣ ቀለበት፣ ጫማ፣ ፍሪዳ። ልጁ ገና የአሳማው ሽታ አልለቀቀውም። በሦስተኛው ማታ ከ25 እስከ መጨረሻው፣ ታላቁን ልጅ። ይህኛውን ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ያንቺ ዘመድ እሱ ነውና። ትእዛዝ አላፈረሰም፤ ከቤት አልወጣም። ግን ስለ ራሱ ሲናገር «ተገዝቼልሃለሁ» ይላል፤ አንድ ጠቦት እንኳ አልሰጠኸኝም ብሎ ሒሳብ ያወጣል። በገዛ ቤቱ ሎሌ ሆኖ ነበር የኖረው። አባትየው ለእሱም ወጥቶ ይለምነዋል፤ ያለኝ ሁሉ ያንተ ነው ይለዋል። ገባ ወይስ ውጭ ቀረ? ወንጌሉ አይነግረንም።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ በጾም ሥርዓቷ ውስጥ ለእንዳንቺ ዓይነት ልብ መድኃኒት አስቀምጣለች፤ ያንቺ ነገር ግን ያንን መድኃኒት በስውር መትፋት ሆኗል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ሰባት ረቡዕና ሰባት ዓርብ አለ። በእነዚህ 14 ቀናት አይጾምም፤ ስግደትም የለም። ይህ ማላላት አይደለም፤ ሥርዓት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን «ተይ» ያለችሽ እናት ናት በበዓለ ሃምሳ «ብዪ» የምትልሽ። የመጀመሪያውን ሰምተሽ ሁለተኛውን ካልሰማሽ የታዘዝሽው ቤተ ክርስቲያንን ሳይሆን ፍርሃትሽን ነው። «ካልጾምኩ አንድ ነገር ይደርስብናል» የሚለውም ሃይማኖት ሳይሆን የቆሌ ግብር ይመስላል፤ ደፍረን እንበለውና። ስለዚህ በመጪው በዓለ ሃምሳ በመጀመሪያው ረቡዕ ምሳ ሰዓት፣ ከባልሽና ከልጅሽ ጋር በገበታ፣ በግልጽ እንቁላል ብዪ። ልብሽ ይመታል፤ ይምታ። ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ሰላም መሆኑን በዓይንሽ ታያለሽ። ይህንን በ14ቱም ቀናት አድርጊው፤ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ልብሽ «ለጥቂት ተረፍን» ብሎ ያልፈዋል እንጂ አይማርም።

ፈሪሳዊው በሉቃስ 18 የሚመካው በምን እንደሆነም ልብ በዪ፦ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ ይላል። ጌታ ጾሙን አልነቀፈበትም። ጾሙን እንደ ደረሰኝ ማሳየቱ ነው ጸድቆ እንዳይመለስ ያደረገው። (ባሕር ዳር ላይ በጾም ቀረሶ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ሙግት በተነሣ ቁጥር ይህ ምዕራፍ ቢነበብ ግማሹ ተሟጋች ዝም ይል ነበር።)

አንድ ቀን ደግሞ ዘጌ ተሻገሪ። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከወደቡ በቡናው ጥላ ሥር በእግር ትንሽ ሄደሽ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትደርሻለሽ። በወሩ 16 ሰው ይበዛል፤ በተለይ የካቲት 16 ቆሞ ማየት አይታሰብም፤ ሌላ ቀን ይሁን። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች መካከል የበላዔ ሰብእን አሳዩኝ በዪ። ታሪኩን ከልጅነትሽ ከተአምረ ማርያም ሰምተሽዋል፦ 78 ሰው የበላ ሰው፣ ለአንድ የተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ፣ ከዚያም ሚዛኑ። ሥዕሉ ፊት ቆመሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ ጥርኝ ውኃ 78 ነፍስ ይመዝናል? አይመዝንም። ውኃው ከነፍሳቱ በለጠ ለማለት የተሣለ አይደለም፤ በምሕረት ፊት የእኛ ሒሳብ እንደማይሠራ ለማሳየት የተሣለ ነው። «እንዲህማ ከሆነ ኃጢአት እንሥራ?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጳውሎስ በሮሜ 6 ተጠይቆ መልሶታል፤ ያንቺ በሽታ ግን እሱ ስላልሆነ አንዘገይበትም። ወደ ዘጌ ስትሄጂ ስለት እንዳትሳይ። «ይህንን ካደረግሽልኝ ያንን አገባለሁ» የሚለው ነገር ለጊዜው ለአንቺ ክልክል ይሁን፤ ሰው ሁሉ ይሳላል፣ ችግር የለውም፤ አንቺ ግን ወዲያው ወደ ብድር ትለውጪዋለሽ።

ወደ ሥራው እንግባ። ከምንም በፊት የነፍስ አባትሽን አንድ ሰዓት ለምኚያቸውና ይህን ደብዳቤ ለእኛ እንደጻፍሽው አንብቢላቸው። ብዙ ካህናት ንስሐ ልጃቸው በየጊዜው ስትመጣ ትጋት ይመስላቸዋል፤ ማታ ከአንድ እስከ 41 ስንቴ እንደምትጀምሪ ካልነገርሻቸው አያውቁም። ሦስቱንም ደብተር ይዘሽ ሂጂ፤ ያልተናዘዝሽው ካለ ተናዘዢ፤ ይፍቱሽ፤ ደብተሮቹን እዚያው ተዪአቸው። አራተኛ አትግዢ። ከተፈታ በኋላ ያንኑ ኃጢአት ደግሞ መናዘዝ ትሕትና አይደለም፤ «አልተፈታሁም» ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚበላሸው ይህ ነው፦ ከሦስት ቀን በኋላ «ያንን ነገር በደንብ አልገለጽኩትም» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እውነት ይመስላል፤ ያጣድፋል። አትከራከሪው፣ አትመልሺለት፤ በእጅሽ የያዝሽውን ሥራ ቀጥዪ። ካልመለስሽለት ብቻውን ይወርዳል፤ ከመለስሽለት ነገ በእጥፍ ይመጣል። ባልሽንም «ይቅር ብሎኛል አይደል?» እያልሽ በቀን አምስቴ ትጠይቂው ይሆናል። አንዴ ብቻ እንዲመልስ፣ ከዚያ «ነግሬሻለሁ» ብሎ እንዲስቅ ተስማሙ።

ጸሎቱን እናሳጥረው፤ በነፍስ አባትሽ ፈቃድ። ለአርባ ቀን ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት፤ ማታ የዕለቱ ውዳሴ ማርያምና እግዚኦታው። ለማታው 15 ደቂቃ ስልክሽ ላይ ሙዪ፤ ሲጮህ የትም ብትደርሺ አማትበሽ ትነሻለሽ። 41ዱን ወደ 12 ቢያወርዱልሽ ጥሩ ነው፤ ባያወርዱልሽም ወደ ኋላ መመለስ የለም። ሐሳብሽ ከሸሸ ካለሽበት ቀጥዪ። ፍሬ የዘለልሽ ከመሰለሽ ተዘሎ ይቅር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ማታዎች ይከብዱሻል፤ እንቅልፍ ሊነሱሽም ይችላሉ። ይህ እግዚአብሔር መቆጣቱ አይደለም፤ ቡና የተወ ሰው ራሱን እንደሚያመው ነው። በዚህ ጊዜ «ትንሽ ልጨምርና ልተኛ» ካልሽ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ዋጪ። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ከጾም ስታሳርፍ ከሐኪም ተደራድራ አይደለም፤ የጾም ዓላማ ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ ነው፤ ሥጋን መግደል አይደለም። የነፍስ አባትሽ «ብዪ» ካሉ ሌላ ካህን አይጠየቅም፤ ሦስተኛውን ስትጠይቂ ምክር አልፈለግሽም፤ «አትብዪ» የሚልሽን እየፈለግሽ ነበር። በጾም ያልበላሽውን ምግብ ዋጋ አስልተሽ ለእኔ ቢጤ መስጠት መልካም ልማድ ነው፤ አንቺ ግን ለጊዜው አታስዪ፤ ካለሽ ላይ ዝም ብለሽ ስጪ። ለቁርባኑ እነዚህ አርባ ቀናት ካለፉ በኋላ ከነፍስ አባትሽ ጋር ቀን ቁረጡ። ከመቀበልሽ በፊት 18 ሰዓት መጾም ስላለ የመድኃኒቱን ሰዓት ቀድመሽ ከሐኪምሽ ጋር አስተካክዪ። «አይገባኝም» ላልሽው፦ ለሚገባቸው የሚሰጥ ሽልማት ቢሆን ኖሮ ንስሐ ባላስቀደመ ነበር።

አሁን ወደዚያች ሰዓት። በሚቀጥለው ጊዜ ጾም ረስተሽ ስትቀምሺ ስኒውን አስቀምጪ። በግእዝ ሳይሆን በአማርኛ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ አንዴ «ጌታዬ፣ ረሳሁ፤ አንተ ግን አልረሳኸኝም» በዪ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጾሙን ቀጥዪ፤ «አንዴ ከፈረሰ» ብለሽ ቀኑን አትጣዪው፤ ማካካሻ ብለሽም ስግደት አትጨምሪ፣ ቅዳሜን አትጹሚ። ማካካሻው ነው ዕዳውን የሚፈጥረው፤ ዕዳው ነው የሚያስሸሽሽ። ማታ ጸሎቱ ያው 15 ደቂቃ ነው። እሑድ እንደ ወትሮሽ ነጠላሽን ለብሰሽ ቅዳሴ ሂጂ። ለመናዘዝ የተለየ ጉዞ የለም፤ በሚቀጥለው መደበኛ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትናገሪዋለሽ። በዚያ እሑድ ምንም ላይሰማሽ ይችላል፤ ምናልባት እፍረት ብቻ። እየተሰማሽም ቁሚ። መታመን መቆሙ ነው፤ ሙቀቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ለአንዳንድ ሰው ወራት ይፈጃል።

ባልደረባሽ የተናገረችው ግማሹ እውነት ነው፦ እንዲሁ ይወድሻል። «ሁሉን ተይው» የሚለው ግን እንዳንቺ ላለ ሰው አይሠራም። ሕግ በአንድ ሌሊት የጣለ ፈሪ ልብ ሌላ ሕግ ያበጃል፤ «ዛሬ በቂ ታምኛለሁ? ፍቅሩ ተሰምቶኛል?» እያለ እንደገና መቁጠር ይጀምራል። መቁጠሪያው ይቀየራል እንጂ ቆጣሪው ያው ነው።

ይህንን ሁሉ ሞክረሽ በአርባ ቀን ካልቀለለሽ፣ ወይም መደጋገሙና መመርመሩ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድብሽ ከሆነ (ከደብዳቤሽ እንደምንገምተው አሁንም ይወስዳል) የአእምሮ ሐኪም እዪ። ኦሲዲ (OCD) የሚባል፣ አንድን ሐሳብና ድርጊት ያለ ዕረፍት የሚያስደጋግም ሕመም አለ፤ ሃይማኖተኛ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የጸሎትና የኑዛዜ ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። የእምነት ጉድለት አይደለም፤ በንግግር ሕክምናና በመድኃኒት ይሻላል። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቂ። ጠበል ከተጠመቅሽም የታዘዘልሽን እንክብል አታቋርጪ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ልጅሽ ሰባት ዓመት ሊሞላውና ጾም ሊጀምር ነው። «እግዜር ይቆጣሃል» የምትለው ቃል ከቤታችሁ ትውጣ፤ ከአያቱም አፍ ጭምር፤ እናትሽን በአክብሮት «እማ፣ እባክሽን ‹ይወድሃል› በዪልኝ» በያቸው። ሲጀምር እስከ ረፋድ ይበቃዋል፤ ለምን እንደሚጾም ንገሪው፤ ቁርሱን በእጁ ለድሃ ይስጥ። ጎረቤት ሄዶ እንቁላል በልቶ ቢመጣ «ጣፈጠህ? ና፣ ከአሁን ጀምሮ አብረን እንጹም» ይበቃል። ደግሞ ያችን ብርጭቆ አስቢያት። ልጁ ብርጭቆውን ሰብሮ ወደ ጓዳ አልሮጠም፤ ሦስት ሳምንት አልተደበቀም። ቀና ብሎ አየሽ። አንቺ ለእግዚአብሔር ያልቻልሽውን እሱ ለአንቺ ያለ ምንም ትምህርት አደረገው። «እግዜር ተቆጣ?» ሲልሽ «አልተቆጣም፤ እግርህን እንዳይቆርጥህ ቆም በል» በዪና ስብርባሪውን አብራችሁ ጥረጉ።

እንግዲህ ስትስቺ ሰዓትሽን ተመልከቺ፤ መሳትሽ አይቀርም። ያለፈው መመለስ 21 ቀን ፈጅቶብሻል። የሚቀጥለው ሦስት ቀን ከሆነ ጻፊልን፤ ደስ ይለናል። ቀጥሎ አንድ ማታ ይሆናል። ደብተር ላይ ግን እንዳትመዘግቢው።